ከጭንቅላቴ በላይ ደርሳ የተመለሰች እጅ

ለታናሽ ወንድሜ ለዋይሳኬ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ያ የሥጋ ፋብሪካ ብርድ አጥንትህ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ሚስትህ ኡናይሲስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? የናንተ አገር ብርድ ደረቅ ነው ትሉኛላችሁ፤ ደረቅ ብርድ ከእርጥብ ይከፋልና ደረታችሁን ሸፍኑ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለሁ። ቀኝ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ጉልበቴም ዳገት አይወድም፤ ከዚያ በቀር ምንም አልሆንኩም። ባለቤቴ ሜሬሴይኒም ደህና ናት። ጎደሬው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ግን አውሎ ነፋሱ ከነቀለው ወዲህ ግማሹ እስካሁን ሸራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ዘማሪዎቹ ወደ አንድ ጥግ ይጠጋሉ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም። በስልክ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ነገሩ ስለ ልጅህ ስለ ሊቲያና ነው። አትደንግጥ፤ ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ ያጠፋችውም ነገር የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከታች ያለውን ስታነብ ጥፋቱን ለእሷ እንዳትሰጥ ነው።

ስትልክልኝ «ባሕሩንም ሥርዓቱንም አስተምርልኝ፤ እዚህ አድጋ ሁለቱንም አታውቅም» ብለኸኝ ነበር። ባሕሩን ለመማር ጊዜ አልፈጀባትም። ስትጠልቅ አሸዋ አታስነሣም፣ ኮራል አትነካም፣ አተነፋፈሷ እንደ ተኛ ሕፃን ነው። መጥለቅ የሚጀምሩ እንግዶችን የምወስድበት ቦታ አንተ የምታውቀው ነው፤ ልጆች ሳለን ኦክቶፐስ በእጃችን የምናወጣበት ከኮራሉ አጥር በስተውስጥ ያለው ነጭ አሸዋ። ከውጭ ማዕበሉ ሲያገሳ እዚያ ውስጥ ውሃው በሳህን እንደ ተቀመጠ ይረጋል። ዋና በቅጡ የማይችሉ እንግዶች እንኳ እዚያ ተንበርክከው ዓሣ ሲያዩ ፍርሃታቸውን ይረሳሉ። ሊቲያና እዚያ እንግዶችን ለብቻዋ ለመምራት ፈተናው ብቻ ቀርቷት ነበር።

የሥርዓቱ ትምህርት ግን በሌላ መንገድ ሄደ። አንድ ቀን ሁላችንም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ምሳ ስንበላ ከኋላዬ ቆመችና፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ከጭንቅላቴ በላይ እጇን ዘርግታ ከመደርደሪያው የጨው ጣሳ አወረደች። እንዴት እንደ ጮኽኩ ጎረቤት ይመስክር። «የሽማግሌ ጭንቅላት የሱቅ መደርደሪያ መሰለሽ?» አልኳት። ሜሬሴይኒ «ያወረደችው እኮ ጨው ነው፤ ዘውድህን አይደለም» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። አልሳቅሁም። ልጅቷን እንደ ወጉ አስቀምጬ፣ አንገቷን አስደፍቼ፣ እጇን አስጨብጭቤ ይቅርታ አስጠየቅኋት። ምግቡ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ በአጠገቤ ስታልፍ እስከ ጉልበቷ ጎንበስ ትላለች፤ ሳልጠይቃት አትናገርም። እኔም «የዋይሳኬ ልጅ ተቃናች» እያልኩ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ።

የራሴም ሕግ ነበረኝ። ውሃ ውስጥ ማንም አይቀድመኝም። ጀልባ ላይ ጠላቂ ሁሉ የጓደኛውን ዕቃ ይፈትሻል፤ እኔም የሁሉንም እፈትሻለሁ፤ የኔን ግን ማንም አይነካም። ይህን ሥራ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ሥዕል እያየሁ ብቻዬን ነው የተማርኩት፤ ለዚህ ነው ማንም የሚያርመኝ አይመስለኝም የነበረው። ሊቲያና ገና እንደ መጣች «ትልቁ አባባ፣ የእርስዎን ዕቃስ ማን ያየዋል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ያስተማረኝ ባሕር ያየዋል» አልኳት። ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ጆአን የምትባል ጡረታ የወጣች የኒውዚላንድ አስተማሪ ይዘን ወጣን። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ ስትፈራ የኖረች ሴት ናት። ከመውጣታችን በፊት በአየር ሲሊንደሬ አፍ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት መሰንጠቁን አይቻለሁ። አዲስ ነበረኝ። ነገር ግን አሮጌው ዛሬን ይውላል ብዬ መልሼ አሰርኩት።

ውሃ ውስጥ ጆአንን በእጇ ይዤ ቀስ እያልኩ ሄድኩ፤ ሊቲያና ከኋላ ናት። ሴትዮዋ ረጋች፤ ብርቱካንማዎቹ ትንንሽ ዓሦች ከመኖሪያቸው ብቅ ጥልቅ ሲሉ እያየች በመነጽሯ ውስጥ ትስቃለች። በዚህ መካከል ሊቲያና ከኋላ መጥታ ፊቴ ቆመችና ወደ ማጅራቴ ጠቆመች። ቀድማኛለች፤ ስለዚህ ተቆጣሁ። ወደ ቦታሽ ብዬ በእጄ መለስኳት። ዳግመኛ ጠቆመች። ዳግመኛ መለስኳት። ሄደች። እኔ የአየር ቆጣሪዬን አላየሁም። «የኔ ቆጣሪ ሳንባዬ ነው» ስል ሰምተኸኝ ታውቃለህ።

ትንሽ እንደ ሄድን አየሩ ከበደኝ። ከባዶ ጠርሙስ እንደ መምጠጥ ሆነ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ቆጣሪው ባዶ ነው። አየሩ በተሰነጠቀው ቀለበት በኩል፣ ከማጅራቴ ኋላ፣ እኔ በማላየውና ልጅቷ በምታየው ቦታ ሲፈስ ቆይቷል። እኔ ስንፈራገጥ ጆአን ደነገጠች፤ እጄን ለቃ እስትንፋሷን እንደ ያዘች ወደ ላይ ተፈተለከች። እስትንፋስ ይዞ ከጥልቅ መውጣት ሳንባን እንደ ፊኛ እንደሚያፈነዳ አንተም ታውቃለህ። ሊቲያና ትርፍ መተንፈሻዋን አፌ ውስጥ ሰክታ፣ በሌላ እጇ የሴትዮዋን ቁርጭምጭሚት ያዘች። ፊት ለፊቷ ወጥታ «ተንፍሺ» ለማለት አረፋ እየነፋች አሳየቻት፤ ሴትዮዋም እስክትተነፍስ አልለቀቀቻትም። እኔ በቱቦው ታስሬ እንደ ተጎታች ታንኳ ከኋላቸው ወጣሁ። ጆአን አፍንጫዋ ደማ እንጂ ሌላ አልሆነችም፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስም አይታ ደህና ናት አለች።

ወንድሜ፣ ለመጻፍ የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የብስ ላይ እንደ ወጣን፣ መንደሩ ተሰብስቦ ሳለ፣ ልጅህ ላይ ጮኽኩ። «ዓይንሽ የት ነበር? ከኋላዬ ያቆምኩሽ ለጌጥ ነው?» አልኳት። ጠቁማልኝ እንደ ነበር አውቃለሁ። እያወቅሁ ጮኽኩ። እሷ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፣ አንገቷን ደፋች፣ እንዳስተማርኳት እጇን አጨበጨበች፣ «ይቅርታ፣ ትልቁ አባባ» አለች። ማታ ለሜሬሴይኒ ግን ከእንግዲህ እንደማትጠልቅ፣ በሚቀጥለው መርከብ ከደሴቱ ወጥታ ወደ እናንተ እንደምትመለስ ነገረቻት።

በማግስቱ ከሰዓት ጆአን አንድ ጣሳ ብስኩት ይዛ ሊቲያናን ልታመሰግን መጣች። ልጅቷ ወንዝ ወርዳ ልብስ ታጥባለች። ቤት የነበርነው እኔ፣ ሜሬሴይኒና የአክስታችን ልጅ ሲኬሊ ነን። ሲኬሊ የራሱን የጠላቂዎች ጀልባ ከገዛ ወዲህ በመካከላችን የነበረውን ፉክክር ታውቃለህ፤ የመጣው ሊሳለቅብኝ ነው። ጆአን ሻይዋን ይዛ እንዲህ አለችን፦ «ያቺ ልጅ ከጠቆመችልዎ በኋላ እጇን ከጭንቅላትዎ በላይ ስትዘረጋ አየኋት። ልትነካዎት ትንሽ ሲቀራት መለሰቻት። እንደገና ዘረጋች፤ እንደገና መለሰች። ለምን ይሆን? ፈርታ ነው?»

ሜሬሴይኒ ምንጣፉን ትመለከት ጀመር። ሲኬሊ እንኳ፣ ሊሳለቅብኝ የመጣው ሲኬሊ፣ ሻይዋን ሊሞላላት ተነሣ። እኔ «አዎ፣ ፈርታ ነው» አልኩ። ማንን እንደ ፈራች ግን ለእንግዳ የሚነገር አልሆነልኝም።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ልጅቷ ማጅራቴን አንዴ መታ ብታደርገኝ ኖሮ ዞሬ አይ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ያቺን እጅ ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ በጨው ጣሳ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮዬ ትልቁን የያንጎና ሥር ነቀልኩ፤ በወጋችን ለይቅርታና ለሐዘን የሚቀርበውን፣ ለራሴ ቀብር ያቆየሁትን። ሜሬሴይኒ አጥቤ ሳስረው አይታ «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለሊቲያና» አልኳት። «ሽማግሌ ለልጅ ሥር ይዞ ይቅርታ ሲጠይቅ የት ታይቷል? ሰው ምን ይላል?» አለች። «ባሕር ዳር ስጮህ የሰማ ሰው ይህንንም ይስማ» አልኳት። ሥር የሚያቀርብ ሰው ቃል አቀባይ ያስፈልገዋልና ሲኬሊን ጠራሁት። ሲኬሊ ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ድንጋይ ሽማግሌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ዛሬ መጣ! ቆየኝ፣ የክት ሸሚዜን ለብሼ ልምጣ» አለኝ። ለብሶም መጣ።

ልጅህን ከቤቱ የላይኛው ጫፍ፣ የክብሩ ቦታ አስቀመጥናት፤ እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲኬሊ ወጉን ያለ ቀልድ አደረሰው። እሷ ሥሩን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። «ትልቁ አባባ፣ ይነሡ፤ እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ» አለች። አልተነሣሁም። በቃል አቀባይ ብቻ እንዳይቀር በራሴም አፍ ተናገርኩ፦ ማስጠንቀቂያዋን እንደናቅሁ፣ ነፍሴን እንዳተረፈች፣ እያወቅሁም በሰው ፊት እንዳዋረድኳት። ሥሩን በእጇ ነካች፤ ተቀበለች ማለት ነው።

ነገሩ አለቀ ብዬ «በይ እንግዲህ፣ ሰኞ ጠዋት ጀልባውን አብረን እናዘጋጃለን» አልኩ። ያን ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። «ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ከልቤ። ሥራውንም አልተውም፤ አልሄድም። ነገር ግን ከእርስዎ ጋር አልጠልቅም» አለችኝ። ለምን አልኳት። «አብሬዎት ስሆን ዓይኔ እርስዎ ላይ ነው፤ ተቆጡ ይሆን እያልኩ። እንግዳውን ማን ያየዋል? ዛሬ እጄን ቢፈቅዱላት እንኳ ነገ ራሷ ትመለሳለች። ጋሼ ሲኬሊ ከተቀበሉኝ ከእሳቸው ጋር ልሥራ።»

ዋይሳኬ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ሥር አቅርቤ፣ በር ላይ ተቀምጬ፣ ለተፎካካሪዬ ልሂድ ትለኛለች! ሲኬሊን አየሁት፤ ሳቀ ብዬ። አልሳቀም፤ ጣራውን ያያል። ከዚያ ራሴ ለስንት ጀማሪ የነገርኩት ነገር ትዝ አለኝ፤ ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ጀልባ ላይ ይቅር እንጂ አይጥለቅ ብያለሁ። አፌን ዘጋሁ። ቀጥሎም «ልክ ነሽ» አልኳት። ይህችን ቃል ለልጅ ስናገር የሰማኝ ሰው የለም፤ እኔም ድምፄን አላወቅሁትም።

አሁን የምለምንህን ስማ። ዘመድ ይደውልልሃል፤ «ልጅህ ትልቁን አባቷን ጥላ ለሌላ ጀልባ ገባች» ይልሃል። ኡናይሲም ታፍራለች። ደውላችሁ እንዳትቆጧት፣ ወደ እኔ ተመለሺ እንዳትሏት። ከጠየቋችሁ ወንድሜ ኢኖኬ ራሱ ፈቅዶ ነው በሉ። የሚሰድባችሁ ሰው ካለ እኔ ዘንድ ላኩት፤ ለእሱ የሚሆን ጉሮሮ አሁንም አለኝ።

እኔ ጀማሪዎችን መውሰድ ትቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። የመንደሩ የአየር መሙያ ሞተር እኔ ጋ ስለሆነ ሲሊንደር እሞላለሁ። ሊቲያና በየጠዋቱ የሲኬሊን ጀልባ ይዛ ትመጣለች። የሞላሁትን እያንዳንዱን ፊቴ ቆማ ትለካለች፤ እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ሲሊንደር ከመሸከም ይከብዳል። ዓርብ ዕለት አንዱን ከጀልባው መልሳ አወረደችና «ይሄ አልሞላም» አለችኝ። ይቅርታም አላለች፤ ጎንበስም አላለች። ለካሁት። አልሞላም ነበር።

ለኡናይሲ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ይሞቃል፣ እጅጌው ብቻ ረዘመ። ለጆሴቫ ትምህርቱን እንዳይተው ንገርልኝ። ለትንሹ ለፔናያ ጉንጩን ሳምልኝ። አጠገባችሁ ላሉት የደሴታችን ልጆች ሁሉ፣ በተለይ ወገብህን ለምታሽልህ ለማኩሪታ እናት፣ ደህና ሁኑ በልልኝ። ሜሬሴይኒ ሁላችሁንም በስም በስም እየጠራች ሰላም ትላለች። ሲኬሊም ሰላም ብሏል፤ ሸሚዙ እንዴት እንዳማረበት ጻፍለት ቢለኝም አልጽፍም። ሊቲያና ለብቻዋ ትጽፍላችኋለች፤ ስለ እኔ የምትለውን ሁሉ እመኑ።

ወንድምህ ኢኖኬ

ናይቫካ መንደር፣ ካንዳቩ ደሴት፣ ፊጂ
እሑድ፣ ኦገስት 11 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.