ማየት ብቻ የተፈቀደለት ስም

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

መብራት ሄደ። የፈተናውን ወረቀት ግማሹን አርሜ ቀረሁ። ሸሕዲ በኅዳርም ሙቀቱ አይለቅ፤ እጄ አልቦት ቀዩን ቀለም የተማሪው ስም ላይ አሽቼዋለሁ። ደግነቱ ውጤቱ ላይ አይደለም።

አቶ ወርቁ ከጎንደር ደወሉ። የሰሊጥ ባለሀብቱ። ክረምት ላይ መጋዘናቸው ውስጥ ካሜራ የተከልኩላቸው። ጎንደር ተቀምጠው በስልካቸው ያዩታል። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ምስሉ ጠፍቶ ነበር አሉ። ሲመለስ የጆንያው ክምር አንሷል። ማን አጠፋው?

እንደማውቀው መለስኩ። ማጥፊያው ሁለት ነው። ወይ በእርስዎ በአለቃው ስም ገብቶ፣ ወይ በዘበኛው ክፍል ያለውን የምስል መቅጃ በእጅ ነክቶ። ወኪልዎ ሲሳይ የራሱ መግቢያ አለው፤ እሱ ግን ማየት ብቻ ነው የተፈቀደለት። የክፍሉ ቁልፍ ያለው ዘበኛው ጋ ብቻ ነው አሉ።

ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እኔም ተጠርቻለሁ። ምን ልልበስ?

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ደብተሬ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜልሽ ዋልኩ።

የመጋዘኑ ግቢ፣ የቆመ አይሱዙ ጥላ ሥር። የሽማግሎቹ መሪ ባሻ ተገኘ። አቶ ወ. ከጎንደር መጥተዋል። ሲሳይ ከጎናቸው፤ የእህታቸው ልጅ ነው ለካ። ፊት ለፊት ዘበኛው አያ ሙላት፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ከጎጃም ለአጨዳ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አነጋገራቸው አሁንም የዚያው ነው።

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነው። አያ ሙላት ይማሉ ተባሉ። እምቢ አሉ። አልወሰድሁም ብያለሁ፣ ለጆንያ ብዬ የእግዜርን ስም አልጠራም አሉ። ሽማግሎቹ ተያዩ። እኔም በልቤ፣ እውነት ያለው ሰው መማል ምን ይከብደዋል አልኩ።

ቀጥሎ እኔ። ሲሳይ በስልኩ ማጥፋት ይችላል ወይ? አይችልም። ጥርጥር የለውም? የለውም። አንዱ ሽማግሌ እሷም ትማል ሲሉ ባሻ ከለከሉ። ለተማረ ሰው ምን መሐላ ያስፈልገዋል፣ ቃሏ ይበቃል አሉ። ደስ አለኝ። ላንቺ አልዋሽም፤ በጣም ደስ አለኝ።

ነገሩ ፖሊስ ሳይገባበት በእርቅ አለቀ። አያ ሙላት ሌባ ሳይባሉ ሌባ ሆነው ቁልፉን አስረከቡ። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። አላዩኝም፤ ወይም ማየት አልፈለጉም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ምን አደረግሁ?

ለነገ የኮምፒውተር ትምህርት ማሳያ ላዘጋጅ ብዬ የመጋዘኑን ካሜራ ከት/ቤቱ ኮምፒውተር ከፈትኩ። የአለቃው ፓስወርድ ተማሪ ፊት አይከፈትም፤ በሲሳይ ስም ገባሁ። ምስሉ መጣ። የማስተካከያው ቁልፍ የለም፤ ለእሱ አይታይም፤ ደንቡ ነው። ስተክል ያስቀመጥኩት የማስተካከያው ገጽ አድራሻ ግን ብሮውዘሬ ላይ አለ። እጄ ለምዶበት ነካሁት።

ተከፈተ። በሲሳይ ስም!

የረሳሁት ነገር አለ ብዬ ወጥቼ ገባሁ። ተከፈተ። መቅረጽ አቁም አልኩት። አቆመ። ቀጥል አልኩት፤ ቀጠለ። “ተመልካች” የሚለውን ማዕረግ “አለቃ” አድርገው አልኩት። እሺ አለ። አንተ ማነህ ብሎ አልጠየቀኝም። ለካ የሠሩት ሰዎች ቁልፉን ደበቁት እንጂ በሩን አልዘጉትም። መጋረጃ አይቼ ነው ብረት በር ነው ብዬ የመሰከርኩት።

ማዕረጉን ወደነበረበት መልሼ ወጣሁ። ምሳ አልበላሁም። መምህራን ማረፊያ ምነው ከፋሽ አሉኝ፤ ሙቀቱ ነው አልኩ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሌላም አለ፤ ይህን ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ። መስከረም ላይ ሲሳይ የካሜራው ሰዓት ተሳስቷል ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። አልተሳሳተም፤ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፤ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ስምንት ይለዋል። አጎቱ በስልክ ሲያዩ፣ ለምን በስምንት ሰዓት መጋዘን ከፈትህ እያሉ ይቆጡት ነበር። እኔ ክፍል ነበርኩ። የገጹን አድራሻ በመልእክት ላክሁለት፣ የአለቃውን ፓስወርድ በስልክ ነገርኩት። ራሱ አስተካከለ። በማግስቱ ፓስወርዱን ቀየርኩና አበቃ አልኩ።

አድራሻው ግን ስልኩ ላይ ነው። እሱ ነው ያጠፋው? አላውቅም። መቅጃው የእሑዱን ነገር አይናገርም፤ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ የሚጽፍ ነው። የማውቀው አይችልም ማለቴን ነው። ይችላል።

ሽማግሎቹ ማዪ ቢሉኝ ኖሮ እፈራ ነበር። ብፈራ ቆይ መጀመሪያ ልፈትሽ እል ነበር። አያ ሙላትን መሐላ ጠየቋቸው፣ እኔን አከበሩኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

አቶ ወ. ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የታረቀ ነገር አይቀሰቀስም፣ ሲሳይ የእህቴ ልጅ ነው፣ አንቺ ዝም ብለሽ በሩን ዝጊው አሉ። የአብደራፊውንም መጋዘን ካሜራ አንቺው ትተክያለሽ አሉ። ቀጥለው፣ ት/ቤቱስ በሥራ ሰዓት መጋዘኔ እንደምትሄጂ ያውቃል ወይ ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እንጃ።

መዝጋት ቀላል ነው። ካሜራውን ከኔትወርኩ መንቀል። ግን ዛሬ ከዘጋሁት፣ አንድ ቀን እውነቱን ልናገር ብል የማሳየው የለኝም። ሳልዘጋው ዋልኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አያ ሙላትን አገኘኋቸው። ሸሕዲ አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ፣ የቀን ሠራተኛ የሚቀጠርበት ቦታ። ከልጅ እግሮቹ መሀል ቆመዋል። ጭነት የሚያሸክም መጣ፤ ጎበዝ ጎበዙን መርጦ አይሱዙ ላይ አወጣ። እሳቸውን አለፋቸው። ዘበኝነትማ ወሬው ቀድሟቸው አብርሃ ጅራ ደርሷል።

ጥላ ወዳለበት ወስጄ ነገርኳቸው። ስለ ስሙ፣ ስለ ገጹ፣ ስለ ሰዓቱ። ማልቀስ መጣብኝ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ይቅር ይሉኛል ብዬ ነበር እኮ፤ ለዚያ ነው የሄድኩት፣ አሁን ሳስበው።

“ይኸን ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?” አሉኝ። “እኔማ አለመውሰዴን ዱሮም አውቃለሁ። ሂጅና ለነገርሻቸው ንገሪ።”

ተመልሰው ሄደው ከሰዎቹ መሀል ቆሙ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ከክፍል እንደወጣሁ ባሻ ተገኘ ቤት። ወንበር አስመጡልኝ፣ አልተቀመጥኩም። ነግሬ ስጨርስ፣ ሲሳይ ነው ብለሽ ትምያለሽ ወይ አሉ። አልምልም፣ አላየሁም። ታዲያ ምን ብለሽ ነው የምትምይው? ሳልፈትሽ አረጋገጥኩ ብዬ።

የገዛ ቃሉን ለማፍረስ የሚምል ሰው አይቼ አላውቅም አሉ። ከአሁን ወዲያ ባለሀብት ደጁን እንደማይከፍትልሽ ታውቂያለሽ? አውቃለሁ። በኋላ ስሜ ጠፋ እንዳትዪ። አልልም። ሽበታቸውን እያሻሹ፣ እኛም አንችን ሳናስምል ማመናችን ጥፋት ነው አሉ። ቅዳሜ እዚያው ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት።

ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

አቶ ወ. ደጋግመው ደወሉ፤ አላነሳሁም። በመጨረሻ መልእክት፤ በሩን ዘጋሽው ወይ ይላል። አልዘጋሁትም። ሽማግሎቹ ፊት በሲሳይ ስም ገብቼ አጠፋዋለሁ፤ በዓይናቸው ይዩት። ከዚያ እነቅለዋለሁ።

የምለውን ይዣለሁ። ሲሳይን አልከስም። አላየሁምና። የአያ ሙላትን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ አስምሉኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ሰኞ ርእሰ መምህሩ ቢጠራኝም አልገረምም።

አያ ሙላት ይምጡ አይምጡ አይታወቅም። ባሻ ልከውባቸው መልስ አልሰጡም። ባይመጡም እናገራለሁ።

ባሻ የላኩልኝ ባጃጅ ደረሰ። በመስኮት አየሁ፣ ከኋላ ሰው አለ። አያ ሙላት ናቸው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው። ጥጉን ይዘው ለእኔ የሚሆን ቦታ ለቀዋል።

ልሂድ።