የጋሽ ብየዳ ሕይወትና አልጠራ ያለው ታንከር

ጋሽ ብየዳ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የታንከሩን ክዳን ጎማ በሞቀ ውሃ እያሹ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ እያለ የሚጠራቸው ባለቤታቸው ከታንከሩ በብርጭቆ ቀድተው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይኼም ኮምጥጧል» አሉ።

ሰባተኛው ጠመቃ ነበር። ጋሽ ብየዳ ጎማውን አገላብጠው ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ ብየዳ ከወተት መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስድሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ግራኝ በመሆናቸው ጽሑፋቸው ወደ ኋላ የተጋደመ ነበር፤ መምህራቸው «ፊደልህ ተኝቷል፣ ቀስቅሰው» ይሏቸው እንደነበር እየሳቁ ያወሩ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አባታቸው በሚሠሩበት የወተት ፋብሪካ በረዳት በያጅነት ተቀጥረው ሠላሳ አራት ዓመት አገለገሉ። በዚያው ፋብሪካ ጠርሙስ ያጥቡ የነበሩትን እትዬን በሃያ ስድስት ዓመታቸው አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሠራተኛ ወንበርና ጠረጴዛ ሲሻማ፣ እሳቸው አሮጌ የወተት ታንከር አስጭነው መጡ።

«ላም የለን፣ ምን ልንሞላበት ነው?» አሉ እትዬ።

«ቢራ።»

ቀልድ አልነበረም። ልጆቹ አግብተው ስለወጡ የእነሱን ክፍል ግድግዳ አፍርሰው ታንከሩን አስገቡ። ከአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ የተጣለ የውሃ ማፍያ ቦይለር፣ ከሥጋ ቤት የተረፈ ማቀዝቀዣ ለቅመው አገጣጠሙ። የብቅል መፍጫውን በብስክሌት ፔዳል እንዲዞር አደረጉት። ፔዳሉን የሚመቱት እትዬ ነበሩ፤ «ዕድሜ ልኬን ብስክሌት ስመኝ ኖሬ፣ ግድግዳ ላይ የሚያፈጥ ደረሰኝ» ይሉ ነበር።

ቢራው ግን እየኮመጠጠ አስቸገረ። ውሃውን ቀየሩ፣ እርሾውን ቀየሩ፣ ብቅል የሚያመጣላቸውን ሰው ሳይቀር ቀየሩ። ስምንተኛውም ዘጠነኛውም ቱቦ ውስጥ ተደፋ። ያን ቀን ጋሽ ብየዳ ሊሉት የማይገባቸውን አሉ።

«ያንቺ አስተጣጠብ ነው።»

እትዬ ታንከሩን የሚያጥቡበትን ጨርቅ ቧንቧው ላይ ሰቅለው ወጡ። አምስት ወር ያንን ክፍል አልረገጡም። ምግብ ያቀርባሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ፤ አይናገሩም።

የጋሽ ብየዳ የቆየ ሳል የበረታው በእነዚያ ወራት ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ ሳንባቸው የብዙ ዓመት የብየዳ ጭስ እንዳጠራቀመ ነገራቸው፤ ከዓመት በላይ ተስፋ አልሰጣቸውም። ጋሽ ብየዳ ከሞት ይልቅ የፈሩት ሌላ ነበር። የብየዳ ሥራቸውን ትተዋል፣ ቤቱን አፍርሰዋል፤ እትዬ የሚተዳደሩበት ሌላ ነገር የለም። አንድ ጊዜ እንኳ ያልኮመጠጠ ቢራ ሳያወጡ ቢሄዱ፣ ለሚስታቸው የሚተዉት የቁርጥራጭ ብረት ክምር ብቻ ሊሆን ነው።

ክዳኑን ከፍተው እስከ ወገባቸው ታንከሩ ውስጥ ገቡ። በእጅ ባትሪ እያበሩ የብየዳውን ስፌት ተራ በተራ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ከታች፣ ውሃው በሚወርድበት ጥግ፣ ጥፍራቸው ገባ። የቆየ ወተት የተደበቀባት ስንጥቅ ነበረች። ዙሪያዋ ያለው ብየዳ ወደ ኋላ የተጋደመ ነበር። የማን እጅ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። በወጣትነታቸው፣ የምሳ ደወል ተደውሎባቸው፣ ተቻኩለው የዘጉት ስፌት ነው።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እትዬ ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

«የኔ እጅ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«የሚያኮመጥጠው። ያንቺ አይደለም። በድዬሻለሁ።»

እትዬ ቀና ሳይሉ፣ «አምስት ወር ፈጀብህ» አሉ። ቢላዋውን አስቀመጡ። «በል ሌላ በያጅ ጥራ፤ ጭሱ ይጨርስሃል።»

«ይቺን ስፌት ያየ በያጅ ሰፈር ለሰፈር ነው የሚያወራብኝ!»

ሁለት ቀን ፈጀ። ጣት የምታክል ቦታ ይበይዱና ወጥተው ይተነፍሳሉ፤ እትዬ በቬንትሌተር ጭሱን ወደ መስኮቱ ይገፋሉ፤ «በቃህ» ይላሉ፤ አይበቃቸውም። በሦስተኛው ቀን አሥረኛውን ጠመቁ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ብየዳ ከአልጋ አልተነሡም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን እትዬ ብርጭቆ ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የጋሽ ብየዳ ምላስ በመድኃኒት ብዛት ጣዕም መለየት አቁሞ ነበር።

«አንቺው ቅመሺው። እንዳታባብዪኝ።»

እትዬ ቀመሱ። አንዴም ደገሙ።

«አልኮመጠጠም» አሉ። ከንፈራቸውን ጠርገው ደግሞ፣ «ግን አይጥምም።»

ጋሽ ብየዳ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «መጥፎ ቢራ ነዋ! እሱማ ይስተካከላል፤ እርሾው እንዳይሞቅበት ጠብቂ» አሉ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ጭስ በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ትንፋሽ ይስጥልን።

እትዬ ዛሬ ጠዋት ለቀብሩ ጥቁር ልብሳቸውን ከለበሱ በኋላ ወደ ታንከሩ ክፍል ገብተው ነበር። አሥረኛው ጠመቃ እንዳይበላሽ በጠርሙስ ሞሉት። በመጨረሻው ጠርሙስ ላይ ቆርኪውን ገጠሙ፣ መግጠሚያውን ጠራርገው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡና ወጡ።