የጋሼ ብርሃነመስቀል የእግር መንገድ

ሚያዝያ 3 ቀን 2008
ሰኞ። በረዶ ጥሎ ቀለጠ። ላብራቶሪ ስሠራ ዋልኩ። የጥናታችን ፈቃደኞች በስልካቸው ከየሰፈሩ የሚልኩትን የጫጫታ ልክ የኮምፒውተር ሞዴሌ እያየ እውነቱን ከውሸቱ ይለያል። ዛሬ ሠላሳ አንድ ውሸት አገኘ። ሁሉም የአንድ ሰው... የጋሼ ብርሃነመስቀል!
ተሳስቶ መሆን አለበት።

ሚያዝያ 4
አልተሳሳተም። ከየካቲት ወዲህ የላኩት ቁጥር በዚያው ቀን አምና የላኩት ግልባጭ ነው። የስልኩ ማይክ አልለካም ሲል በእጅ መሙላት ይቻላል፤ በዚያ ነው የሞሉት። የሞሉት ቦታ ስቴፕልተን ሰፈር ይላል፣ ስልካቸው ግን ያለው ኦሮራ፣ ቤታቸው ነው።
ሞዴሉን እውነት ምን እንደሚመስል ያስተማርኩት በእሳቸው የአምና ቁጥር ነበር። ከሁሉ ንጹሕ እሱ ነበራ።
ጥናቱን የሚመራው ፕሮፌሰር የአምናውንም ጭምር እስከ ዓርብ ዲሊት አድርጊ አለኝ። አንዴ የዋሸን ማን ያምናል? ባይ ነው።

ሚያዝያ 5
አምና... ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለጥናቱ ፈቃደኛ የምፈልግበትን ወረቀት ሳድል ማንም አልተቀበለኝም። እሳቸው ብቻ ቆሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ "ስልካችን ቢጠለፍስ?" ሲሉ፣ "ማን ምን ሊሰማ? የኛን ጭቅጭቅ?" አሉና ሳቁ። በሳምንቱ ሃያ ሰው አመጡልኝ።
ጥር ላይ ወይዘሮ አረጋሽ ዐረፉ። ለቅሶ ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልጠየቅኳቸውም። ምን ነካኝ?

ሚያዝያ 6
ቤታቸው ሄድኩ። ቁጥሩን አሳየኋቸው። አልካዱም።
"እኔው ነኝ የጻፍኩት።"
"ለምን ጋሼ?"
አጫወቱኝ። ድሮ ስቴፕልተን አየር ማረፊያ ሳለ እሳቸው ሻንጣ ጫኝ፣ አረጋሽ ጽዳት ነበሩ። የሞተሩ ጩኸት አላሰማማ ሲላቸው በእጅ ምልክት ያወሩ ነበር። እንዲያ ተጋቡ። ቦታው ሰፈር ከሆነ በኋላ አመሻሽ ላይ እዚያው ይንሸራሸሩ ነበር።
"'እንዴት ጸጥ አለ!' ትለኝ ነበር፣ ሁልጊዜ። አሁን እግሬ እምቢ አለ፣ ሔርሜላ። ቤት ቁጭ ብዬ፣ አምና ይሄኔ የት ነበርን እላለሁ... ያንኑ እጽፋለሁ።"
የአምናውም ሊሰረዝ ነው ስላቸው ብድግ አሉ።
"የአምናውማ እውነት ነው! አረጋሽ አለችበት!"

ሚያዝያ 7
የዘንድሮውን ሠላሳ አንድ አወጣሁ። የአምናውን አልሰርዝም አልኩ። እያንዳንዱን ቁጥር በእጅ የተሞላ ሳይሆን ማይኩ ራሱ የለካው መሆኑን ለፕሮፌሰሩ አንድ በአንድ አሳየሁት። ተኮሳተረ... ግን ተወው።

ሚያዝያ 15
ጋሼ ደወሉ። "መኪናሽን ይዘሽ ነይ።"
ስቴፕልተን መኪናውን አቁመን በእግር ሄድን። ቀስ እያልን። አንድ ጥግ ላይ ቆሙ። ከዚያ ስልኩን አውጥተው ለኩ። የጫጫታው ልክ አምና ሃምሳ ሁለት፣ ዛሬ ሃምሳ ዘጠኝ።
ከቁጥሩ ሥር በአንድ ጣት ጻፉ፦ "ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አረጋሽ የለችም።" ላኩት።
ዓይኔን ስጠርግ አዩኝ።
"ነገ ሆሣዕና ነው" አሉ። "ሰኞ እኔው በአውቶቡስ መጥቼ እለካለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"