ሰላሳ አንድ ላይ የቆመው ሰሌዳ

ጀሶዬ፣

እግርሽ እንዴት አደረ? ሦስት ዓመት የተጫወቱብንን ልጆች በገዛ አዳራሻቸው በቅርጫት ኳስ ሰላሳ ስምንት ለሰላሳ አንድ አሸነፍናቸው።

የመጨረሻውን ዘጠኝ ደቂቃ አንድም ነጥብ አላስቆጠሩብንም። የነጥብ ሰሌዳውን የሚቆጣጠሩት ሽማግሌ የልጆቻቸው ቁጥር አልነቃነቅ ሲላቸው የተበላሸ መስሏቸው ጨዋታውን አስቁመው ኤሌክትሪሻን አስጠሩ። ሰውዬው መሰላል ተሸክሞ መጥቶ ገመዱን ነካካና ከላይ ሆኖ፣ «አባባ፣ ሰሌዳው ደህና ነው። የቆሙት ልጆችዎ ናቸው» አላቸው። የእነሱ ደጋፊዎች ሳይቀሩ አውካኩ። እኛ ጋ ቢሆን በጠመኔ ስለምንጽፍ፣ ቢበዛ ጠመኔው አለቀ ትይ ነበር።

ግንብ የምታክለውን አጥቂያቸውን የያዝኳት እኔ ነኝ፣ ያንቺን ማሊያ ለብሼ። መጀመሪያ እያመለጠችኝ ነበር። ኋላ ግን በዶርማችን ጠባብ ኮሪደር መጥረጊያ ይዘሽ፣ «እግርሽን አታቆላልፊ» እያልሽ ወዲያ ወዲህ ያንከራተትሽኝ ትዝ አለኝና እንደ ጥላዋ ተከተልኳት።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ለወንድምሽም ያዘዘኝን ካልሲ ገዝቼለታለሁ።

ይቺን ጠርዙ ላይ አንብቢያት፦ ስንሰነባበት አጥቂዋ፣ «እግር አጠቃቀም ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። «እግሯን የሰበረች ጓደኛዬ» አልኳት። የቀለድኩባት መስሏት ጥላኝ ሄደች።

እስክትድኚ ድረስ ብቻ፣
ምትክሽ