ከመሥሪያ ቤትዎ አጥር ሥር ስለተቀዳው ውሃ

ለተከበሩ የውሃ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጅረቱን ቁልቁል የሚያየው የሦስተኛ ፎቅ መስኮትዎ ዘወትር ዝግ በመሆኑ ሽታው እንደማይደርስዎ ተረድቼ እፎይ ብያለሁ።

እኔ ከድልድዩ ማዶ ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ስለኖርኩ «ጉዳዩ እየተጠና ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። አብራኝ ትኖር የነበረችው እህቴ ካረፈች ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነበር፤ ቆጣሪው ወደ ውጭ ሲዛወር እሱም ቀረ።

ባለፈው ዓመት ግን የሰፈራችን የሳይንስ መምህርት አራት ተማሪዎች አስከትላ መጣች። የጅረቱን ውሃ ሊመረምሩ ኖሯል። የተቀዳው ውሃ ሁለት ቀን ሙቅ ቦታ መቀመጥ ነበረበት፤ የእኔ ኩሽና ደግሞ ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ሁልጊዜ ይሞቃል። በየጠርሙሱ ውስጥ መድኃኒት የነካው ቁራጭ ወረቀት አለ፤ ውሃው የሽንት ቤት ፍሳሽ ካለበት ይጠቁራል። በየረቡዑ ሦስት ጠርሙስ መደርደሪያዬ ላይ ያኖራሉ፦ አንዱ ከድልድዩ በላይ፣ አንዱ ከድልድዩ ሥር፣ ሦስተኛው ከመሥሪያ ቤትዎ አጥር ከሚወጣው ቱቦ በታች የተቀዳ። የጠቆረበትን ሰዓት መመዝገብ የእኔ ኃላፊነት ሆነ። ቤቴ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነበር፤ አራት ጨመርኩ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠርሙሶች እንደነበሩ ሲቀሩ፣ ሦስተኛው ለሰባት ሳምንት ሳያሰልስ በማግስቱ ከምሳ በፊት ጠቁሮ ስለመገኘቱ። ከመሥሪያ ቤትዎ የሚወጣ ነገር እንዲህ ሰዓት ሲያከብር ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹ ከታች ልብስ የሚያጥቡና ልጆቻቸውን የሚያዋኙ ሰዎች መኖራቸውን ጠቅሰው ላቀረቡት ሪፖርት በአምስት ቀን መልስ ስለመስጠትዎ። መልሱ ያለ ፈቃድ ውሃ መመርመር እንደሚያስጠይቅ ያብራራል፤ ስለ ቱቦው አንዳች አይልም። ሪፖርቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። ኅዳጉን አስተካክዬ፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው፣ እንደ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። አዝረክርኬው ቢሆን ኖሮ ማንም አያነበውም ነበር፤ ልጆቹም እስከ ዛሬ ይመጡ ነበር። ይህን ሳስብ እጆቼን አያቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ መምህርቷን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስላዛወሩልን፣ ጅረቱንም ስላጠሩልን። ቱቦው ከአዲሱ አጥር ውስጥ ስለሆነ ከእንግዲህ ማንም አያስቸግረውም።

ከአራቱ ተማሪዎች አንዷ፣ ረጅሟ፣ ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር። ግቢ ብላት ደጃፍ ላይ ቀረች። አባቷ የእርስዎ ሾፌር መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። «እማማ፣ ከእንግዲህ አንመጣም፤ ግን ሰዓቱን መጻፍዎን እንዳይተዉ» አለችኝ። የምጽፈው ነገር እንደሌለ እያወቅሁ እሺ አልኳት። እስክትታጠፍ ቆሜ አየኋት፤ ከዚያ ብርጭቆዎቹን አጠብኳቸው፤ ያን ዕለት ማንም አልጠጣባቸውም ነበር።

መደርደሪያው ጥግ መድኃኒት የነካው አንድ ያልተሠራበት ወረቀት ከነጠርሙሱ ተርፎ ኖሯል። ባለፈው ረቡዕ በአጥሩ ክፍተት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሾልኬ ገብቼ ከቱቦው በታች ውሃ ቀዳሁ። ወንጀል ከሆነ አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ አለ። በማግስቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ወንበሬን ኩሽና ውስጥ አድርጌ ጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲል ጠቆረ። ጻፍኩት። ከዚያ የምነግረው ሰው አጣሁ። ከግድግዳው ማዶ ዳቦ ጋጋሪዎቹ እየሳቁ ነበር፤ አያውቁኝም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያኔ ነው። ክቡርነትዎ ሰዓቱን ይጠይቁኛል ብዬ አይደለም፤ ለማንም ሳልናገር መዋሉ ቢከብደኝ ነው።

ጅረቱ እስኪጠራ፣ ወይም እኔ እስክጠራ ድረስ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምቆይ፣
ከድልድዩ ማዶ ያለሁት ጎረቤትዎ።

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ አጥሩ ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ «ይህ ጅረት ንጹህ ነው» ይላል። «ንጹሕ» የሚጻፈው በሐመሩ ሐ እንጂ በሃሌታው ሀ አይደለም። የቃሉ ስሕተት ፊደሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርኩዎት ነበር።