ማዓዲ ጥዬው የመጣሁት ክብደት

አርድ ኤል ሊዋ፣ ካይሮ
ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እናታችንስ እንዴት ናት? ዓይኗን ተሻላት ወይ? ልጆችሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ወዲያው ያልመለስኩልሽ ተናድጄ ነው። አሁንም አልበረደልኝም፤ ግን ዝም ካልኩ ያልሽው ሁሉ እውነት ይመስልሻል።

«ቀንሰሽ ነበር፤ መልሰሽ ያመጣሽው አንቺው ነሽ፤ አፍሽን መግዛት አቃተሽ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እትዬ፣ ነርስ ነሽ፤ ስለ ሰው አካል ታውቂያለሽ። ይህን ሰፈር ግን አታውቂውም።

ማዓዲ በሚባለው የካይሮ ሀብታሞች ሰፈር አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት እያደርኩ ስሠራ፣ በሁለት ዓመት አሥራ ስምንት ኪሎ ቀነስኩ። ምን ብልሃት ነበረኝ? ምንም። ከበራችን ወጣ ሲሉ ጎመኑ፣ ኪያሩ፣ ዓሣው ትኩስ ትኩሱ ይሸጣል። አመሻሽ ላይ ሴትዮዋን ደግፌ በዛፎቹ ሥር ቀስ እያልን እንሄዳለን፤ ማንም ዞር ብሎ አያየንም። ያኔ «ጎበዝ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ጉብዝናው የሰፈሩ ነበር።

በኋላ ልጇ አሌክሳንድሪያ ወሰዳት፤ ሥራውም ኸላስ፣ አበቃ። እዚህ መጥቼ ከፍያለችና ዘመናይ ከሚባሉ ሁለት ያገራችን ልጆች ጋር ቤት ተጋራሁ። የሰው ቤት ማጽዳት ጀመርኩ፤ በማይክሮባስ ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት። ደክሞኝ ስመለስ መንገዳችን ላይ የማገኘው ምን መሰለሽ? ኮሸሪ ቤቱን፤ ሩዝ፣ መኮሮኒና ምስር ባንድ ሳህን። በጠቆረ ዘይት የሚጠበሰውን የባቄላ ጣሚያ። ዳቦ ቤቱን። በስኳር ውኃ የራሰ ኬክ። አትክልት ያልሽ እንደሆነ የባቡር ሐዲዱን ተሻግረሽ ሌላ ማይክሮባስ ትይዣለሽ፤ እኔ ስደርስ ደግሞ ነጋዴው ዘግቶ ሄዷል። ጾም ሲገባማ የባሰ ነው፤ እዚህ የጾም የሚባለው ሁሉ ዘይት ውስጥ ይዋኛል።

በእግርሽ ሂጂ አልሽኝ። ከዘመናይ ጋር ሞክረናል። የሰፈሩ ጎረምሶች መልካችንን እየጠሩ ሲሰድቡን ችለን አለፍን። በአራተኛው ቀን ዘመናይን ጀርባዋን በድንጋይ መቷት። ከዚያ ወዲህ ለእግር ጉዞ አልወጣንም።

ኪሎው ተመለሰ፤ ጉልበቴም ማበጥ ጀመረ። ክሊኒክ ሄድኩ። አስተርጓሚው ሲሳይ የሚባል ያገራችን ልጅ ነው። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቁሞኝ፣ በአረብኛ «ይቺ የሦስት ሰው ነው የምትበላው፤ አፏን ትዝጋ በላት» አለው። ሲሳይ መሬት መሬት እያየ «ትንሽ ተጠንቀቂ ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። ስድስት ዓመት ኖሬ ቋንቋቸውን የማልሰማ መስሏቸው ነው።

እኔው በአረብኛ መለስኩለት። «ዶክቶር፣ አንድ ወር በእኔ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ብቻ ብላና አንተም እዚህ ሚዛን ላይ ውጣ» አልኩት። «ማሌሽ፣ ምንም አይደል» አለና ወረቀት ጻፈልኝ። በከሰል የተጠበሰ ዓሣ፣ ሰላጣ፣ በቀን አንድ ሰዓት የእግር ጉዞ። አሥራ አምስት ኪሎ ሳልቀንስ ጉልበቴ ኦፕራሲዮን እንደማይደረግም ነገረኝ። የእሱ ወረቀትና ያንቺ ደብዳቤ ቃል በቃል አንድ ናቸው። እሱስ ባዕድ ነው።

አሁን ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ስላለኝ ከአምስተኛ ፎቅ በገመድ ቅርጫት አወርዳለሁ፤ የኮሸሪው ሰውዬ ሞልቶ ይሰድልኛል። ደግ ሰው ነው፤ ሳልጠይቀው ይጨምርልኛል። ከፍያለች እሑድ እሑድ ቲማቲምና ሰላጣ ታመጣልኛለች፤ እስከ ማክሰኞ እቆጥበዋለሁ። ፍሪጅ የለንም። ሌላውን ቀን የምበላው ቅርጫቱ ያመጣውን ነው።

እና ሁለተኛ ስለ አፌ አትጻፊልኝ። ተቀምጠው የሚሠሩት የጉልበት እንቅስቃሴ ካለ እሱን ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ቤትሽን በጤና ይሙላው፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ እናታችንንም ያቆይልን። ስለ እኔ ከጠየቀችሽ፣ ማር ጊርጊስ ሄዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተሳልማለች በያት። ውሸት አይደለም፤ ሄጃለሁ፤ አምና።

ተቆጥታም የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ