በሰባት ቁጥር በር ላይ ስለጠፋው ጫማ

ለተከበሩ አቶ ራዲም ስላቪክ
የአሮጌው ከተማ መኖሪያ ቤቶች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ፕራግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ጤንነትዎ እንዴት ሰንብቷል? በገጠር ጎጆዎ የክረምቱን ማገዶ ፈልጠው እንደጨረሱ፣ ጫካውም ዘንድሮ እንጉዳይ እንዳልነፈገዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ባለቤቴ ድራሆሚራ ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴን ግን አርማለሁ፤ ክፍልዎ ባለፈው እሑድ በራችን ላይ በለጠፈው ወረቀት መሠረት እኛ የለንም። ሠላሳ አራት ዓመት የኖርንበት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰባት ቁጥር ቤት «ነዋሪ የሌለበት» ተብሎ ተመዝግቧል፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥም ቁልፉ ለከተማው ይመለሳል ተብሏል። የሌለ ሰው ለሹም ደብዳቤ መጻፉ ድፍረት መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእርስዎ ምክር ነውና በምስጋና ልጀምር። በመስከረም ለነባር ነዋሪዎች የላኩት ባለቀለም ወረቀት ደርሶን ነበር። «ከተማዎን በእንግዳ ዓይን ይዩት» ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ትራም ስነዳ ከተማውን ያየሁት በፊት መስታወት ነው፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ከተማውን ጥለን ወደ ባለቤቴ ወንድም ጎጆ እንሄድ ነበር። ዘንድሮ ወንድሟ ጎጆውን ሸጠ። የሪፐብሊኩ ምሥረታ በዓልም ሰኞ ስለዋለ ሦስት ቀን የሚያህል ዕረፍት ፊታችን ተዘረጋ። ድራሆሚራ ወረቀትዎን ከፍሪጁ በር ላይ አንስታ፣ «ሰውየው እውነቱን ነው፤ ከድልድዩ አራት መቶ እርምጃ ርቀት ተወልጄ ቤተ መንግሥቱን ያየሁት በትምህርት ቤት ሰልፍ ነው፤ በል እንግዳ እንሁን» አለችኝ። እንግዳ ሆንን። በአክብሮት የማቀርባቸው ቅሬታዎችም ከዚሁ የተገኙ ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ጫማ። ዓርብ ማታ እንደማንኛውም የዚህ አገር ሰው ጫማችንን ደጃፍ ላይ አውልቀን፣ ከሠርጋችን ጀምሮ በዚያው በቆመው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን ገባን። በእኛ ዘንድ ጫማውን ሳያወልቅ ሰው ቤት የሚገባው ወይ እሳት ሊያጠፋ የመጣ ነው ወይ አስከሬን ሊያነሳ። ቅዳሜ ጧት በሩን ስንከፍት መደርደሪያው ከነዘጠኝ ጥንድ ጫማው የለም። በሕንጻው ካሉት ስምንት ቤቶች ሰባቱ በእርስዎ ፈቃድ የእንግዳ ማረፊያ ስለሆኑ፣ ለእንግዶች ዓይን ሲባል ኮሪደሩ ባዶ እንዲሆን ማዘዝዎን በኋላ ሰማን። ሃሊና የተባለችውን ጽዳት ሠራተኛ አልወቅሳትም። ብቻዋን ሦስት ሕንጻ ታጸዳለች፤ ከበር ውጭ የተገኘ ዕቃ ሁሉ እንግዳ ጥሎት የሄደ ነው ተብላለች። ጫማውን ደጃፍ ላይ የሚያወልቅ ሰው በዚህ ሕንጻ ሊኖር ይችላል ብሎ የነገራት አልነበረም።

በእግራችን ላይ የቀረው የቤት ጫማ ብቻ ነበር፤ የእኔ ተረከዙ የተረገጠ ባለመስመር፣ የእሷ ቀይ ሆኖ ከላዩ የሱፍ ኳስ ያለበት። ገበያ እንሂድ ብላት፣ «ጫማ እያለኝ ጫማ ልግዛ? ደግሞ ዛሬ እንግዳ ነን፤ እንግዳን ምን ለበስክ የሚለው የለም» አለች። ልክ ነበረች። ቅዳሜን በሙሉ በአሮጌው ከተማ መሐል በቤት ጫማ ስንዞር ዞር ብሎ ያየን አንድ ሰው አልነበረም። ለነዋሪዎችዎ እንዲህ ያለ ነጻነት ስላጎናጸፉ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ታሪካችን። ድልድዩን ተሻግሮ ለመመለስ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ስንወርድ ከብርኖ ከተማ የመጡ ጡረተኞች መካከል ተቀላቅለን ነበርና አስጎብኚያቸው ዣንጥላውን እየነቀነቀ፣ «እናት፣ አባት፣ ቢጫውን ዣንጥላ ተከተሉ፤ የጠፋ እንደሆነ አልፈልግም!» ብሎ ከመንጋው ጋር ነዳን። ነድቶ ነድቶ የራሳችን ቤት ፊት አቆመን። «በዚህ ቤት ዛሬ የሚኖር ሰው የለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «የመጨረሻዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ማታ ማታ ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ መንፈስ ነው ይባላል።» ድራሆሚራ፣ «ቴሌቪዥን ነው፤ ዜና ሳያይ አይተኛም» አለች። አንዲት የብርኖ ሴት፣ «እርስዎ በምን አወቁ?» ብትላት፣ «ስላገባሁት» ብላ መለሰች። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አስጎብኚው መረጃውን ከማን እንዳገኘ ያን ዕለት አልጠየቅሁም። ዛሬ ስገምት ከወረቀትዎ ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል፤ በአንድ ቀን መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ። እሑድ ጧት ወደ ላይ ወጣን። በአዳራሹ በር ላይ የምትቆመው ጠባቂ ወለሉ እንዳይጫር ለጎብኚ ሁሉ ከጫማው በላይ የሚጠለቅ ሰፊ የወፍራም ሱፍ ጫማ ታድላለች። የባለቤቴን እግር አይታ፣ «ውይ፣ እርስዎስ አጥልቀው መጥተዋል! ከቤት ነው እንዴ የመጡት?» አለቻት። «ከቤቴ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ነው» አለች ድራሆሚራ። «እዚህ ታች የሚኖር ሰው አለ?» አለች ጠባቂዋ፤ ከልቧ ነበር የገረማት። በሦስቱ ቀናት የት እንደምንኖር የጠየቀን ብቸኛ ሰው እሷ ነች፤ ደመወዟ ከክፍልዎ የማይከፈል መሆኑን ሳስበው ግን አልደነቀኝም።

ውስጥ በገመድ የታጠረ የመኝታ ክፍል አለ። አልጋው ተነጥፏል፤ ከሥሩም አንድ ጥንድ የሐር የቤት ጫማ ተቀምጧል። ድራሆሚራ ገመዱን ይዛ ጫማውን ጎንበስ ብላ አየችው። «እዚህም የሚኖር የለም» አለችኝ፤ «ለሞተው ሰው እንኳ ግን ጫማውን ትተውለታል።» ከዚያ በኋላ ሌላ ክፍል ማየት አልፈለገችም፤ ወደ ቤት ተመለስን።

አራተኛ፣ ስለ መርማሪዎ። ይህ ሰው ሽልማት ይገባዋል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በተያያዘ በዓል፣ ያውም በእሑድ ቀን፣ ሥራ ላይ የተገኘ የከተማ ሠራተኛ አላየሁም። እርሱ ግን ፕራግ በሙሉ ወደ ጎጆው የሄደበትን ሰዓት መርጦ፣ ነዋሪ ይኑር አይኑር ሊያጣራ መጣ። ከወረቀቱ እንዳለ እጠቅሳለሁ፦ «በ5፡10 ተንኳኳ፤ አልተከፈተም። በ5፡11 ምርመራው ተጠናቀቀ። በበሩ ላይ የነዋሪነት ምልክት፣ ማለትም ጫማም ሆነ የጫማ መደርደሪያ፣ የለም። ቤቱ ነዋሪ የሌለበት ነው።»

ክቡር ሆይ፣ የአገሬን ልማድ የሚያውቅ ሰው በመላክዎ ኮርቻለሁ። ባዕድ ቢሆን ኖሮ መስኮት ያይ፣ ደወሉ ላይ ስማችንን ያነብ፣ ምናልባትም ጎረቤት ይጠይቅ ነበር። የእርስዎ ሰው ግን እናቱ እንዳስተማረችው ወደ ወለሉ አየና ፈረደ። ቅዳሜ ጫማውን የሚያነሳ ትእዛዝ፣ እሑድ ጫማ የለም የሚል ፍርድ፤ ሁለቱም በአንድ ማኅተም የታተሙ። እንዲህ የተቀናጀ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ስለ ቢሮዎ። ሰኞ ማታ ሃሊና በራችንን አንኳኳች። ሁለት ትልልቅ ከረጢት ይዛ ነበር። ጫማዎቹን ወደ ቆሻሻ ሳትጥል ምድር ቤት ደብቃቸው ኖሯል። «አዲስ ሶል የገባለት ጫማ ማን ይጥላል? ባለቤት አለው ብዬ ነው» አለች። ክቡር ሆይ፣ በመጥረጊያና በሁለት ከረጢት ከእርስዎ ክፍል የተሻለ ምርመራ ያካሄደችው ይህች ሴት መሆኗን በመዝገብ ያስፍሩልኝ።

ማክሰኞ ጧት ጫማችንን አድርገን ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣን። ጸሐፊዎ እስከ ሐሙስ በጎጆዎ እንደሚቆዩ ነገረችን። መኖራችንን እንድትመዘግብልን ለመንናት። «መርማሪው የጻፈውን እኔ አልሰርዝም» አለች። ድራሆሚራ፣ «ልጄ፣ ቆሜ እያየሽኝ የለሁም?» አለቻት። «እመቤቴ፣ እርስዎ እዚህ አሉ፤ ቤቱ በር ላይ ግን ጫማ አልተገኘም። ጫማ ከሌለ ሰው የለም፤ ይሄን ማንም ያውቃል» አለች፤ በክፋት አልነበረም፤ እንደ ሕግ ነበር የነገረችን።

ሕግን ሠላሳ ዓመት አክብሬ የነዳሁ ሰው ነኝና ይህንንም አከበርሁ። ከእሷ ክፍል ወጥተን ወደ እርስዎ በር ሄድን። ጎንበስ ብዬ በመጀመሪያ የባለቤቴን፣ ቀጥሎ የራሴን ጫማ ፈታሁ፤ ሁለቱን ጥንድ ከበርዎ በስተቀኝ፣ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ እንደ ደንቡ ደረደርኋቸው። ድራሆሚራ የቤት ጫማችንን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ተጫምተን በትራም ተመለስን። ስለዚህ በክፍልዎ የምርመራ ዘዴ መሠረት ከማክሰኞ ጀምሮ የምንኖረው እርስዎ ዘንድ ነው። ሐሙስ ሲመለሱ ከሁለት አንዱን እንዲፈጽሙልን በትሕትና እንለምናለን፦ ወይ በሰባት ቁጥር ቤት መኖራችንን በፊርማዎ ያረጋግጡልን፣ ወይ በቢሮዎ ውስጥ አልጋ የሚዘረጋበትን ጥግ ያሳዩን። ድራሆሚራ በመስኮት በኩል ብትተኛ ትመርጣለች።

ጎጆዎ እንዳይበርድዎ፣ ማገዶዎ እንዳያልቅ፣ በርዎንም ማንም በአንድ ደቂቃ አንኳኩቶ እንዳይፈርድበት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በቤት ጫማ እሰናበትዎታለሁ።

ኦታካር ቤድናሽ
ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ
የሰባት ቁጥር ቤት መንፈስ

ማሳሰቢያ፦ ጫማችንን ከማስቀመጣችን በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ በርዎን አንኳኩተን ነበር፤ አልተከፈተም። ስምንት ደቂቃ ጠበቅን፤ ከመርማሪዎ በሰባት ይበልጣል። በበርዎ ላይ ከእኛ በፊት የተቀመጠ ጫማም ሆነ መደርደሪያ አልተገኘም። ስለዚህ የክፍልዎን ቅጽ በጥንቃቄ ሞልተን «ነዋሪ የሌለበት» በሚለው መስመር ላይ ምልክት አድርገናል። ወረቀቱን በበርዎ ላይ፣ ከጫማዎቹ በላይ፣ ተለጥፎ ያገኙታል።